ፍሬኑ ለነገ ይድረስ

ሃዊ የፊተኛውን ጎማ ፈታች፤ የፍሬን ሸራውን ነቅላ ጋሽ ስብሐት እግር ስር ጣል አደረገችው።

«ይሄማ ሸራ አይደለም፤ ብረቱ ብቻ ነው የቀረው። እንዴት ነድተው መጡ?»

«ቀስ ብዬ» አሉ ጋሽ ስብሐት።

እውነታቸውን ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡት ሰውዬ፣ ከሩፋኤል ተነስተው አዲሱ ገበያ እስካለው የሃዊ ጋራዥ ድረስ በአንደኛ ማርሽ ነው የመጡት፤ ከኋላቸው የተሰለፉት ሚኒባሶች ያወረዱባቸውን ጥሩምባና ስድብ ሁሉ እንደ ምርቃት እየተቀበሉ። ቀይዋን የስፖርት መኪና ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሣር በቅሎባት አገኟት። ዕቃ በዕቃ እየለቃቀሙ ነፍስ ዘሩባት። ምክንያታቸው አንድ ነው፤ ልጃቸው ሰምሀል የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች «ስታገቢ በቀይ መኪና ራሴ ነድቼ ነው የምወስድሽ» ብለዋታል። ነገ እሑድ ታገባለች። ከቤት ተነስተው ለፎቶ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይወጣሉ። መውጣቱስ ባልከፋ፤ መውረድ አለ።

ለዚህች መኪና የሚሆን ሸራ ከተማው ውስጥ አይገኝም። ሃዊ ግን አስቀድመው ስለደወሉላት ከሌላ መኪና የወጣ ሰፊ ዲስክና አዲስ ሸራ አዘጋጅታ ነበር። ጠርዙን በሞረድ እየሞረደች ልክ አስገባችው።

«ከድሮው የበለጠ ነው የሚይዘው» አለች እየኮራች። ሙሽራው ቶለሳ ባትሪ ያበራላታል። በሰርጉ ዋዜማ ስንት ሥራ እያለበት፣ የሰምሀል አባት «ና» ሲሉት እምቢ ማለት አልቻለም።

ሃዊ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቃ ቀና አለች። «እኔ የምለው፣ ሙሽራዋ እዚህ ጋ ትቀመጣለች። እርስዎ ይነዳሉ። ሙሽራውስ የት ሊሆን ነው?»

ቶለሳ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ጋሽ ስብሐት መኪናዋን አዩ። ሁለት ወንበር። ሁለቱንም በገዛ እጃቸው ቆዳ አልብሰዋል፤ መቁጠር ግን አልመጣላቸውም።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«እ... ማለቴ... አዎ፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሽምግልናው ቀን።»

«ሰምሀልስ?»

«እሷም። እናቷም። ሚዜዎቹም። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ እንኳን ጠይቆን ነበር፤ ዝም በል አልነው።»

«እና ምን ልታደርጉ ነበር?»

«እኔ ከሚዜዎቹ ጋር በሚኒባስ ልከተላችሁ። በቃ፣ ተስማምተናል።»

ጋሽ ስብሐት ሳቃቸውም እንባቸውም እኩል መጣ። ሦስት ወር ሙሉ ቤተሰቡ በይሉኝታ ታፍኖ፣ ሙሽራ የገዛ ሰርጉን በሚኒባስ ሊከተል! ቢሆንም ሃያ ዓመት ያለሙት ነገር ነው። እሳቸው መሪውን ይዘው፣ ልጃቸው ነጭ ለብሳ አጠገባቸው። ይህን ለሌላ ሰው መልቀቅ ከበዳቸው። ደግሞ ቶለሳ እንዴት እንደሚነዳ እንኳን አይተው አያውቁም።

ሃዊ የተናገረችው ጸጽቷት ወሬ ቀየረች። «አዲስ ሸራ መለማመድ አለበት። ወደ ሸጎሌ ውሰዷት። ፍጥነት ጨመር፣ በፍሬን ቀዝቀዝ፤ ጨመር፣ ቀዝቀዝ፤ አሥር ጊዜ። ጭራሽ እንዳትቆሙ ብቻ።»

«አንተ ንዳ» አሉት ቶለሳን። ፈተና መሆኑ ለሦስቱም ገብቷቸዋል።

ጨመር፣ ቀዝቀዝ እያሉ ሄዱ። ጋሽ ስብሐት ቀኝ እግራቸው በሌለ ፔዳል ላይ ወለሉን ይረግጣል። የሚኒባስ ረዳት ባጠገባቸው ሲያልፍ በመስኮት ብቅ አለ፤ «ፋዘር፣ መኪናዋን ስቅታ ያዛት እንዴ?»

ሰባተኛው ዙር ላይ ከሸጎሌ ከብት ገበያ የወጡ በጎች ድንገት አስፋልቱን ሞሉት። ጋሽ ስብሐት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት መኪናዋ ቆማለች፤ አንገታቸው እንኳን ወደ ፊት አላለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሾፌርን የለኩት ቆሞ በሚሄድ ተሳፋሪ ነው። ይህ ልጅ ደግሞ ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ አይጥልም።

«ማን ነው እንዲህ ያስተማረህ?»

«ችግኝ ነው፣ ጋሼ። ከምሠራበት ከእጽዋት ማዕከሉ ችግኝ ጭኜ ቁልቁል የማወርደው እኔ ነኝ። ፍሬን በኃይል ከያዝኩ ሁሉም ይደፋል።»

«ሃዊ ግን እንዳትቆሙ ብላ ነበር።»

«እሱን ለበጎቹ ይንገሯቸው።»

ጋሽ ስብሐት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ስልካቸው ጮኸ፤ ሰምሀል ናት።

«አባዬ፣ ፍሬኑ ደረሰልህ? ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?»

የመጨረሻውን በግ መንገዱን እስኪሻገር በዓይናቸው ተከተሉት። ከፋቸው፤ ደስም አላቸው።

«ባልሽን ጠይቂው» አሉ። «የሚነዳው እሱ ነው። እኔ ከሚዜዎቹ ጋር በሚኒባስ እከተላችኋለሁ።»

ስልኩንም ለቶለሳ አቀበሉት።