ባለ እርግቧ ወተት

ድሬ ላይ ዕቃን በስሙ የሚጠራ ሰው ካጋጠማችሁ፣ እንግዳ ነው በሉ። ሳሙናው ባለ ጨረቃው፣ ሻይ ቅጠሉ ባለ መርከቡ፣ የሕፃን ወተቱ ደግሞ ባለ እርግቧ ነው። ፈረንጅ ጣሳው ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ ማን ያነባል? እኔ ዝናሽ፣ መጋላ ሰፈር ሱቅ ከፍቼ ልጆቼን ያሳደግኩት ሴትዮ፣ አንድም ቀን አላነበብኩም።

ታዲያ ሬድዮው «ላክቶሪና በተባለው የሕፃናት ወተት ውስጥ ኩላሊት የሚጎዳ ኬሚካል ስለተገኘ እንዳትጠቀሙ፣ ነጋዴዎችም እንዳትሸጡ» ሲል፣ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ «ተመስገን፣ እኔ ጋ የለም!» አልኩ። ጭራሽ ሻጮቹን ረገምኳቸው። «የሕፃን ወተት ላይ መርዝ! እሳት ይብላችሁ!» አፌ እንደሆነ ልጓም የለውም። ከዚያ ብዙም ሳልቆይ ለሁዶ አንድ ጣሳ ባለ እርግቧ ሸጥኩላት።

ሁዶ ከድሬ ውጭ፣ ጀልዴሳ የምትኖር ፍየል አርቢ ናት። ልጇ በወሊድ ሞታባት፣ ጦልሃ የሚባል የልጅ ልጅ እጇ ላይ ቀርቷል። ፍየሎቿ በድርቁ ስለነጠፉ፣ ለገበያ በመጣች ቁጥር ወተት የምትገዛው ከእኔ ነው። መጀመሪያ ላይ «ይሄን ዱቄት ልጅ ይጠጣዋል እንዴ?» ብላ ስታቅማማ «አቦ አትጨቅጭቂኝ፣ የከተማ ልጅ ሁሉ በምን ያደገ መሰለሽ?» ያልኳት እኔ ነኝ።

ጉዱ የወጣው በማግስቱ ነው። ጎረቤቴ ኑርሀን፣ ፋርማሲ የምትሠራው፣ ስኳር ልትገዛ ገብታ መደርደሪያዬን ስታይ ክው አለች።

«ዝናሽ! ይሄን እስካሁን ትሸጫለሽ?»

«ባለ እርግቧን? ምን ሆነች ደግሞ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ላክቶሪና እኮ እሷው ናት!» ጣሳውን አንስታ ከእርግቧ ክንፍ ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቷ አሳየችኝ።

ጣሳዎቹን ሁሉ ከመደርደሪያው ጠራርጌ አወረድኩ። ወተቱን የሸጥኩላቸውን የከተማ እናቶች በስልክ አገኘኋቸው፤ ያለቀሰችም አለች፣ የሰደበችኝም አለች፣ ስድቡ ይገባኛል። የሁዶ ስልክ ግን ዝግ ነው። ወተቱን ወደሚያከፋፍለኝ ወደ ሉቅማን ሮጥኩ፤ እሱ ፒካፕ አለው። ጫቱን ይዞ ተጋድሟል።

«አቦ ዝናሽ፣ አታካብጂ» አለኝ። «ጀልዴሳ ያለው ነርስ ይነግራታል።»

«ምን ብሎ ይነግራታል? ላክቶሪና ብሎ? እኔ ስሸጠው የምውለው ያላወቅኩትን እሷ በምን ታውቃለች? ተነስ! ካልተነሳህ ቁልፉን ስጠኝና ገደል እገባልሃለሁ!»

መንዳት እንደማልችል ያውቃል። ደንግጦ ተነሳ።

አሸዋውን እየቀዘፍን ስንደርስ፣ ሁዶ ጦልሃን አቅፋ ዳሷ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ዋላሼ!» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «በደህና ነው? ነርሱ ጠዋት መጥቶ ነበር። ከተማ ውስጥ ላክቶሪና የሚባል ክፉ ወተት አለ አለን። እኔስ ከዝናሽ ነው የምገዛው፣ አልሐምዱሊላህ አልኩት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ሁዶ... ክፉው ወተት ባለ እርግቧ ናት» አልኳት።

አልገባትም። ደገምኩላት። ሉቅማን በሶማሊኛ ሲነግራት ነው ፊቷ የተለወጠው። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጦልሃን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገችው።

«ይሸናል?» አልኳት። ኑርሀን መጀመሪያ ይሄን ጠይቂ ብላኝ ነበር።

«ከትናንት ጀምሮ ጨርቁ ደረቅ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሙቀቱ ነው፣ ጠምቶት ነው ብዬ ወተቱን ጨመርኩለት።»

ልጁን እንደታቀፈች ፒካፑ ላይ ወጣች። መንገዱን ሙሉ እጄን እየሰደድኩ ጨርቁን እዳብሳለሁ፤ ደረቅ ነው። እመብርሃን፣ አንድ ጠብታ ብቻ፣ እያልኩ ለመንኩ። የጦልሃ ዓይኖች አብጠዋል፤ ሲያለቅስ እንኳ ድምፁ ሰልሏል። ሁዶ ወደ እኔ ዞር ሳትል እጄን ከልጁ ላይ አነሳችው።

ሆስፒታል ስንደርስ ተቀብለውን ቱቦ አስገቡለት። ሐኪሙ ኩላሊቱ ውስጥ ጠጠር መኖሩን ነገረን። «ሽንቱ ትንሽ ትንሽ መምጣት ጀምሯል» አለ፤ «ግን ይድናል ብዬ አልምልላችሁም። ዛሬን እንየው።» ትንሽ ቆይቶ ልጁ ጥቂት በጥቂት እንዲቀምስ ፈቀደ፤ አንዲት ነርስ የሆስፒታሉን የራሱን ወተት በኩባያ በጥብጣ አመጣች። ኩባያውን ከእጇ ተቀብዬ ለሁዶ ዘረጋሁላት።

«ይሄ ንጹሕ ነው፣ አጠጪው» አልኳት።

ሁዶ አልተቀበለችኝም። ከጀልዴሳ ከተነሳን ወዲህ ገና ያን ጊዜ ነው ዓይን ዓይኔን ያየችኝ።

«መጀመሪያ አንቺ ጠጪ» አለችኝ።

ሞቃት ነው፣ ይጣፍጣል። ሁለቴ ተጎነጨሁና ኩባያውን መለስኩላት። ጦልሃ በረሃብ እየተንሰፈሰፈ፣ እሷ ኩባያውን ይዛ ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል ምን እንደምሆን መጠበቅ ጀመረች።