ወንዳፍራሽ የማሊቡን መንገድ እንዴት እንደ ሠራው

ወንዳፍራሽ ስለ ማሊቡ መንገድ መዋሸት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር። ለክፋት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 ታክሲ መንዳቱን ትቶ አንድ አሮጌ ቫን ገዛና ከአገር ቤት ዘመድ ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ሰፈር እየጫነ፣ ማሊቡ ወስዶ ባሕር ያሳይ ጀመር። በመጀመሪያው ጉዞ አንዲት ተሳፋሪ፣ «ይሄን መንገድ ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀችው። አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ግን ያን ዕለት «አስጎብኚ» የሚል ባጅ አሠርቶ ደረቱ ላይ ለጥፏል። ባጅ የለጠፈ ሰው እንዴት አላውቅም ይላል?

«አንድ ሀብታም ነው» አለ። «ሚስቱ ታማበት፣ ባሕሩን እያየች እንድትድንለት ብሎ።»

ሴትዮዋ እንባዋን ጠረገች። ያ እንባ ወንዳፍራሽን አበላሸው። በሁለተኛው ጉዞ ለመንገዱ ድንጋይ ያጋዙ አራት መቶ በቅሎዎች ጨመረበት። በሦስተኛው፣ መንገዱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሚስትየዋን ገደላት። እየቆየ እሱ ራሱ እዚያ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይሰበር ጀመር። በገዛ ውሸቱ ሆድ ሲብሰው ራሱን ይታዘባል፤ ግን አያቆምም።

በ2015 አንድ ቅዳሜ ሰባት ሰው ጫነ። ከፊት የተቀመጡት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እትዬ ቦሰና ናቸው። ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው ሄቨን፣ የኮሌጅ ተማሪ፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። የቀሩት አምስቱ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ዘማሪዎች ሲሆኑ ሳንታ ሞኒካን አልፈው ባሕሩ በግራ በኩል ብቅ ሲል መዝሙራቸውን ገታ አደረጉ። ወንዳፍራሽ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

ሚስትየዋ ስትሞት አንዷ ዘማሪ «ጌታ ሆይ!» አለች። ይሄኔ ሄቨን ቀና አለች።

«ሶሪ ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ እዚህ ላይ ግን ሌላ ነው የሚለው።»

«ኢንተርኔት ምን የማይለው አለ» አለ ወንዳፍራሽ።

«እስቲ አንብቢው» አሉ እትዬ ቦሰና።

«ማሊቡ በሙሉ ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴትዮ ርስት ነበር ይላል። መንገድ እንዳያልፍባት አጥር አጥራ፣ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አቁማ ከለከለች። ባቡር ሊመጣባት ሲል የራሷን ሐዲድ ዘረጋች። ለዓመታት ተሟግታ፣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሳ ተረታች። መንገዱ በ1929 ተከፈተ።»

«በቅሎዎቹስ?» አለች ዘማሪዋ፣ በቅሎዎቹን እንኳ ማትረፍ ፈልጋ።

ሄቨን ጣቷን ስልኩ ላይ አንሸራተተች። «በቅሎ አላየሁም።»

በቀኝ በኩል ያለው ገደል በዝናብ ጊዜ ይናዳል፤ ወንዳፍራሽ ያን ዕለት ያለ ዝናብ ቢናድም ባልጠላ ነበር።

እትዬ ቦሰና ግን ዞር ብለውም አላዩት። «ካሳ ሰጧት?» አሉ።

«ለማን?» አለች ሄቨን።

«ለሴትዮዋ ነዋ! የኔን አጥርና ሁለት ዘይቱን ቀለበት መንገዱ ሲወስድብኝ ቀበሌ ድረስ ሄጄ ጮህኩና ተመለስኩ። እሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት! አበጀች።»

ማሊቡ ደርሰው ሲወርዱ እትዬ ቦሰና ነጠላቸውን አስተካክለው ወንዳፍራሽን ጠሩት። «ዘበኛ ያቆመችበት በር የቱ ጋ ነበር?»

የወንዳፍራሽ እጅ እንደ ልማዱ ሊጠቁም ተነሳ። እንደ ምንም መለሰው።

«እትዬ፣ አላውቅም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ለምን ቀባጠርክ?»

ሰበብ ፈለገ፤ ከእውነቱ የተሻለ አጣ። «ባጅ አሠርቼ ስለነበር ነው።»

ባጁን አዩት፣ እሱን አዩት፣ ከዚያ ቫኑን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ለሦስት ዓመት ሰው ሲያስለቅስ የኖረው ሰውዬ አሁን በራሱ ሲሳቅ ቀለል አለው፤ አብሮ ሳቀ።

ምሳ የሚበሉበት ዓሣ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነበር። መኪናው እንደ ጎርፍ ነው፤ የሚቆምላቸው ጠፋ። መጨረሻ ላይ ወንዳፍራሽ እትዬ ቦሰናን ትራፊክ መብራቱ ድረስ ክንዳቸውን ይዞ በእግር ወሰዳቸው።

«ሴትዮዋ መንገዱን የከለከለችው እውነቷን ነበር» አሉ እያለከለኩ። የተጠበሰውን ዓሣ ከቀመሱ በኋላ ግን ትንሽ አሰቡ። «መንገዱ ባይኖር ይሄን ከየት አገኘው ነበር? እኔስ ብሆን ያንን ቀለበት መንገድ እየረገምኩት አይደል በየቀኑ በታክሲ የምሄድበት!»

ወንዳፍራሽ ከዚያ ወዲህ እውነተኛውን ታሪክ ይናገራል። ውሸቱን እንደ ውኃ ያፈሰው የነበረ ሰው እውነቱን ሲናገር ይንተባተባል፤ ዓመተ ምሕረቱን ከወረቀት ያያል፤ የሚያለቅስለትም የለም። ነገር ግን የሴትዮዋ አጥር ሲነሳ ተሳፋሪው ሁሉ የራሱን አጥር ያነሳል። የአንዱ አባት ግቢ በቦሌ በኩል ተቆርሷል፤ የአንዷ አክስት ቡና ቤት ፈርሶ አስፋልት ሆኗል፤ «አይ፣ መንገዱስ ጠቀመን» የሚልም አይጠፋም። ክርክሩ እስከ ማሊቡ ይዘልቃል። ወንዳፍራሽ ዝም ብሎ መንዳት ብቻ ቀረው፤ ለነገሩ ድሮም የሚከፈለው ለመንዳት ነበር።