ከዜሮ የሚቆጥረው ሳጥን

ባሌ አዋቂ ነው፤ ችግሩ ሳይጠይቅ አዋቂ መሆኑ ነው። ጠዋት አዲስ ዲስክ ገዝቶ ሲመጣ «መመሪያውን እንየው» ስለው «አንቺ ደግሞ!» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

በፎቶ ቤታችን የኋላ ክፍል አራት ዲስኮች የያዘ ሳጥን አለን። የምናነሳው ቪዲዮ ሁሉ በአራቱ ላይ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። አንዱ ቢሞት ሦስቱ የሱን ድርሻ አስልተው ይመልሱታል፤ ሁለት ከሞቱ ግን አለቀ፣ ደቀቀ።

ለደንበኞች ሥራ አልሰጋንም፤ የየራሳቸውን ወስደዋል። የፈራነው ለባሌ እናት፣ ለአማቴ፣ ድምፅ ነው። ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ከማድረጋቸው በፊት ለልጆቻችን ተረት ሲነግሩ ቀርጸናቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የላቸውም። ባሌ ደግሞ በሳጥኑ ተማምኖ ቅጂውን ሌላ ቦታ አላስቀመጠውም።

ስክሪኑ ላይ «ዲስክ 2 ተበላሽቷል» ይላል። ባሌ ከላይ ቆጠረና ሁለተኛውን መዘዘ። ሳጥኑ ጮኸ፤ ፋይሎቹ በሙሉ ድራሻቸው ጠፋ። ወዲያው «ሁሉንም አጥፍቼ አዲስ ልጀምር?» የሚል ጥያቄ መጣ። የባሌ ጣት ወደ «አዎ» ሲሄድ እጁን ለቀም አደረግኩት።

«ምን ልታደርግ ነው አንተ ሰውዬ?»

«ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?»

«ዝርዝሩን እየው እስቲ! ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት። የሞተው ሦስተኛው ነው፤ አንተ የነቀልከው ጤነኛውን ነው!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ጤነኛውን ወደ ቦታው መልሶ ሳጥኑን አጥፍቶ አበራው። ጌታ ይመስገን፣ ፋይሎቹ ተመለሱ። ከዚያ የሞተውን አውጥቶ አዲሱን አስገባ፤ ሳጥኑም ከሦስቱ እያሰላ አዲሱን መሙላት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። «እስኪያልቅ አንድ ሌላ ከሞተ…» ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

አማቴ የልጃቸውን ፊት ለማንበብ ማንም አያስፈልጋቸውም። ሊጠይቁን ሲመጡ ገና በሩ ላይ ሆነው «ምን ሆነህ ነው?» አሉ፣ በከንፈራቸው። እሱ ግን የሳቸውን ከንፈር ማንበብ አልሆነለትም፤ ገና ሲጀምሩ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ስለዚህ ሁልጊዜ የማነብለት እኔ ነኝ።

«ድምፅሽን ላጠፋው ነበር፣ እማዬ» አለ።

አልተቆጡም። ወንበር ስበው ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡና እንደታመመ ልጅ እጃቸውን ጫኑበት። እኛም ሥራችንን ትተን አብረናቸው ተቀመጥን።

አመሻሽ ላይ ሞልቶ አለቀ። ባሌ ቀረጻውን ከፈተው። ያ ወፍራም፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ በመሃል የሚያቋርጣቸውን ልጃችንን እየገሰጹ ይተርካሉ። እኔም አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። እሳቸው እስከ መጨረሻው አዳምጠው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ።

«ምን አለች?» አለኝ ባሌ።

«‹ይቺ ሴትዮ እንዴት ትለፈልፋለች!› ነው የሚሉት።»

እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ «ዛሬውኑ ገልብጬ እህቴ ቤት አስቀምጣለሁ» ብሎ ሌላ ዲስክ ፍለጋ ወጣ።

ብቻችንን ስንቀር አማቴ ወደኔ ዞሩ። አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ ቀስ ብለው ነው ያሉት፦ «ያ የድሮው ነው። ያሁኑ ድምፄ አንቺ ነሽ።»

ጎንበስ ብዬ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው።