ያልታጠረው ሣር

ብዙነህ ልጁ ምን እንደምትማር ሲጠየቅ ላቡ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቹን «ስለ አየር ንብረት ነው» ብሎ ይገላገላቸዋል፤ አንዱ ደፋር «እሺ፣ የአየር ንብረት ምኑን?» ያለው እንደሆነ ግን ስልኩ እንደጠራ ሰው ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። እውነቱን ለመናገር ህብረት የምታጠናው አሸዋ ነው። እሱ ካርቱም በስደት ሳለ ጠዋት ማታ ከደጁ ሲጠርገው የኖረውን አሸዋ፣ ልጁ አሜሪካ ተወልዳ፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ እንዲከማች ትለፋበታለች። ይህ ለማን ይነገራል?

እንደ ፈረንጆቹ በ2021፣ በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን የህብረት መኪና ጋራዥ ገባች። ብዙነህ ከሚሠራበት የዕቃ መጋዘን ፈቃድ ወስዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ከምትከራየው ቤት አንሥቷት ወደ ኢሪ ሐይቅ ነዳ። መንገድ ላይ የዚህ መኸር ልኬት የመጨረሻዋ መሆኑን ነገረችው። እሱ ካለቀ ጸደይ ላይ ማስተርሷን ትይዛለች። ከሐይቁ ዳር ያሉት ነዋሪዎች ደግሞ በኦክቶበር ተሰብስበው ይወስናሉ፤ ቤታቸውን ከማዕበል የሚጠብቀውን የአሸዋ ጉብታ በሣሩ ይተዉት፣ ወይስ ንደውት የድንጋይ ግንብ ይገንቡ። ስብሰባው ላይ የሚቀርበው የእሷ ልኬት ነው። ብዙነህ ከዚህ ሁሉ «ጸደይ ላይ» የምትለዋን ያዘ። ለነገሩ የምርቃቱን ድግስ ለሰው ሁሉ ካወራው ቆይቷል።

ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ግራ መጋባቱ ባሰበት። ማዶው የማይታይ ውሃ እንዴት ሐይቅ ይባላል? ዳር ዳሩን ሰው የሚያህል የአሸዋ ጉብታ ተዘርግቷል፤ ከኋላው ቤቶች አሉ። ከጉብታው ግማሹ በእንጨት አጥር ተከልሎ ሣር ተተክሎበታል፤ ግማሹ አጥር የለውም፣ ሣሩም ራሱ የበቀለ ነው። ድሮ ክረምት ላይ በረዶው ማዕበሉን ያስታግሠው ነበር፣ አሁን ሐይቁ እንደ ወጉ በረዶ ሆኖ አይረጋም አለችው። ታዲያ ግንቡን ዛሬውኑ ለምን አይገነቡትም ቢላት፣ ግንብ ማዕበሉን ወደ ጎረቤት ይገፋዋል፣ ጉብታ ግን ይቀበለዋል ብላ መለሰች። ድንጋይ ትቶ ሣር የሚያምን ሰው ማየቱ የመጀመሪያው ነበር፤ አንገቱን ነቀነቀ። እሷም አጥሩ ውስጥ እንዳይገባ አስጠንቅቃው፣ መሣሪያዋን ተሸክማ እዚያ ከጠበቀቻት ባልደረባዋ ጋር በዳርቻው ርቃ ሄደች።

ይኼኔ ሚስቱ ማንያህልሻል ደወለች። ነገ እንቁጣጣሽ ነው፤ ክሊቭላንድ አቬኑ በሚባለው መንገድ ያለው የሐበሻ ሱቅ ቄጤማ ጨርሷል። ባለፈው ዓመት በኮቪድ ምክንያት በር ዘግተው ነበር ያሳለፉት፤ ዘንድሮ እንግዳ ጠርታለች። ሳሎኑ ባዶውን ሊሆን ነው ብላ አማረረች። ብዙነህ ቀና ሲል ያ ለምለም ረጅም ሣር በነፋስ ይወዛወዛል።

ጨዋ ሰው ነው፤ አጥሩ ውስጥ እጁን አላስገባም። የታጠረ ባለቤት አለው፣ ያልታጠረ የእግዜር ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ ካልታጠረው በኩል ጎንበስ አለና አንዱን ሳበ። ሣሩ ከነሥሩ መጣለት። ሌላውም ከአሸዋው በታች እንደ ሲባጎ ተያይዞ ኖሮ ተከትሎ ወጣ። እንዲህ የቀለለ አጨዳ አይቶ አያውቅም። ሁለት ሸክም ሞላለትና መኪናው ኋላ ጭኖ ብርድ ልብስ አለበሰው። ነገ ህብረት በሩን ከፍታ ስትገባ ፊቷን ለማየት ነበር ጉጉቱ። ሲመለሱ እሷ ደክሟት ተኛች፣ እሱ ደስ ብሎት ነዳ።

በማግሥቱ ፎረስት ፓርክ ሰፈር ያለው ቤታቸው አምሮበታል። ጋሼ ሽፈራው ከባለቤታቸው ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጠው «ይኼ ደግሞ የአገር ቤቱን ያስንቃል» እያሉ ሣሩን ያደንቃሉ። ህብረት አበባ ይዛ ገባች። አንድ እግሯን አስገብታ ቆመች። የደስታ መስሏቸው ሁሉም ፈገግ አሉ። ጎንበስ ብላ አንዱን ዘለላ አነሣች፣ ሥሩን ገልብጣ አየችው።

«አባዬ፣ ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«ከአጥሩ ውጪ ነው። ያንቺን አልነካሁም።» በኩራት ነበር ያላት።

ፊቷ ነጣ። ሣሩን እንደያዘች አስረዳችው። አጥሩ ራሱ አሸዋ ያስቆማል፤ ሣሩ ብቻውን አሸዋውን ይይዝ እንደሆነ ለማወቅ የጉብታውን ግማሽ ሆን ብለው ሳያጥሩ ተዉት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የለካችው፣ ስብሰባውም የሚጠብቀው ያንን ነው። ብዙነህ ሳይታጠር የሚጠበቅ ነገር ጨርሶ አልታየው አለ። ማንያህልሻል ግን ልጇን አይታ ገባት። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች ባሏን፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ጋሼ ሽፈራው ሳይቀሩ፣ የክት ልብሳቸውን ሰብስበው፣ ምን እየሆነ እንዳለ በቅጡ ሳይረዱ ሣሩን ከምንጣፉ ለቅመው በእርጥብ ፎጣ ጠቀለሉላት።

አባትና ልጅ እንደገና ወደ ሐይቁ ነዱ። ሁለት ሰዓት ከምናምን ሙሉ ህብረት እርጥቡን ፎጣ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። ሲደርሱ ብዙነህ ሣር የነቀለበትን ቦታ መለየት አቃተው። የሌሊቱ ነፋስ ጉብታውን ቦርቡሮት ጎድጓድ ሠርቷል፤ አሸዋው ኋላ ካለው ቤት አጥር ሥር ተከምሯል። ይህን እኔ በእጄ? አለ በልቡ። ሁለት ሸክም ሣር እኮ ነው።

ህብረት ደውላላት ፕሮፌሰሯ ቀድማ ደርሳለች። ጎድጓዱን ዞራ አየችና ዝግ ብላ ተናገረች። ብዙነህ አንድ ቃል አላመለጠውም፤ ለክፉ ወሬ እንግሊዝኛው አያንሰውም። ሣሩ ተመልሶ ቢተከልም ያልተነካ ሊባል አይችልም። የዘንድሮው ልኬት ስብሰባው ላይ አይቀርብም፤ ግንቡን የሚሹት ይበረታሉ። ህብረት ከአዲስ ትጀምራለች፣ ጸደይ ላይ አትመረቅም። ጥፋተኛው እኔ ነኝ ሊላት አፉን ሲከፍት ህብረት ቀደመችው፤ ይዤው የመጣሁት እኔ፣ ምንም ያልነገርኩትም እኔ ነኝ አለች። ብዙነህ ዕድሜ ልኩን እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

ፕሮፌሰሯ ሣሩን ለምን እንደፈለገው ጠየቀችው። «ፎር ኒው ይር» አላት። አዲስ ዓመትን በጃንዋሪ በረዶ የምታውቀው ሴትዮ ወደ ፀሐዩ አየች፣ ወደ እሱ አየች፤ በተራዋ ግራ ገባት። ህብረት ገባችበት። አገር ቤት ክረምቱ አልፎ ዓመቱ የሚገባው አሁን ነው አለቻት፤ ዝናብ ያበቀለው ለምለም ቤት ገብቶ ይጎዘጎዛል፣ እንግዳ አቧራ ሳይሆን ለምለም ረግጦ እንዲገባ። በደስታ ሳይሆን በእልህ ነው ያስረዳችው፣ ግን አንድም አላስቀረችም። ሴትዮዋ እንደገባት ራሷን ነቀነቀች፤ ተሰናብታቸውም ሄደች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። «ለሷ ቄጤማን እንዲህ አድርገሽ ካስረዳሽ» አላት፣ «እኔን አሸዋውን ማስረዳት ለምን አቃተሽ?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ መቼ እንደምመረቅ ነው።»

ልክ ናት። ደጋግሞ ቢያስብም አንድ ቀን እንኳ ጠይቋት አያውቅም። የበዓል ጫማውን አወለቀና ጎድጓዱ አጠገብ ተቀመጠ።

«አሁን ጠየቅሁሽ» አላት። «እንደ ሕፃን አድርገሽ ንገሪኝ።»

ህብረት ፎጣውን ፈታ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ ነፋስ አንዲትን የአሸዋ ቅንጣት ከውሃው ዳር እንዴት እንደሚያነሣት ጀመረችለት። ብዙም ሳትሄድ አስቆማት።

«ቆይ ህብሬ፣ እዚህ ጋ አልገባኝም።»

እሷም ከመጀመሪያው ጀመረችለት።