ፈረሰኛው ሲሄድ ቤት የምትቀረው

የመኪናውን ባትሪ የጨረሰው ሬዲዮው ነው እንጂ ብርዱ አይደለም፣ ብርድ ብቻ ቢሆን መኪናው አንዴ እንኳ ያጓራ ነበር፣ ባሌ ኦርቪል ግን ብርዱ ነው ይላል፣ እኔስ ምን አፍ አለኝ፣ መብራት የሌለበት ቤት፣ ሳምንቱን ሙሉ ለሬዲዮው ብሎ ባትሪውን ከመኪናው እየፈታ ሲያስገባ እግርህን ጥረግ ከማለት ሌላ ምን አልኩ፣ አብሬው አይደል የሰማሁት። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ያ የሬዲዮ ድራማው ሸሪፍ እኮ ድምፁ ብቻ ያሳርፋል፣ ጉቦ አይበላ፣ ሴት አያመናጭቅ፣ ሰው ሲገድል እንኳ አዝኖ ነው፣ የት ይገኛል እንዲህ ያለ ወንድ፣ ዋዮሚንግ ውስጥማ የለም።

ወይኔ ወገቤ። ቀኑ ሳይደርስ ምን አስቸኮለው ይሄን ልጅ።

ኦርቪል ይገባል፣ ፂሙ በረዶ ይዟል፣ እምቢ አለ ይለኛል፣ ማን፣ መኪናው ነዋ፣ ስልኩስ፣ ሽቦው ወድቋል አላልኩሽም፣ ብለኸኛል፣ ዝም ብዬ ነው የምጠይቅህ። ፈረሱን ልጫን፣ ሚስዝ ታልቦትን ይዤልሽ እመጣለሁ፣ እሷ ስንቱን አዋልዳለች። በዚህ በረዶ ደርሰህ እስክትመለስ ይመሻል፣ አትሂድ ኦርቪል፣ ይሄ ልጅ አይጠብቅህም፣ አንተስ ስንት ጥጃ አዋልደህ የለ፣ አንቺ ጥጃ ነሽ እንዴ፣ ዛሬስ ጥጃ ልሁን፣ አትሂድ ብቻ። አያየኝም። ጓንቱን ያጠልቃል። የፈራው መንገዱን አይደለም፣ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጡን ነው፣ ስጮህ ማየቱን ነው፣ ፈረስ ላይ መውጣትማ ለሱ ምኑ ይከብዳል። እመለሳለሁ አይዞሽ ይላል ድምፁን አወፍሮ፣ የራሱ ድምፅ አይደለም፣ የማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

በሩ ተዘጋ።

ኮቴ። ሬዲዮው ላይ ይሄን ጊዜ ነው ሹራቤን አስቀምጬ የማዳምጠው፣ ታሪኩ ከፈረሰኛው ጋር ይሄዳል፣ ወንዙ፣ ገደሉ፣ ሽፍቶቹ፣ ቤት የቀረችዋን ሴትዮ የምናገኛት እሱ ሐኪም ይዞ በሩን ሲያንኳኳ ነው፣ ወይ ሕፃን ታቅፋለች ወይ ሞታ አንሶላ ለብሳለች፣ በመሃሉ ምን ስታደርግ ነበር ብዬ ጠይቄ አላውቅም፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ሻይ ልድገምህ ወይ ብዬ ነበር ኦርቪልን የምጠይቀው።

ኦርቪል።

አይሰማም፣ ርቋል፣ ኮቴውም የለም። ደግ ሰው ነው፣ ልክ ነው ያደረገው፣ ማንም ቢጠየቅ ልክ ነው ይላል፣ ከተረፍኩ እኔም እላለሁ፣ ምጡ መጣ፣ መጣ ደግሞ፣ የአልጋው ብረት ይቀዘቅዛል፣ ውሃውን ምድጃው ላይ ማን ይጥድልኛል፣ መነሳት አልቻልኩም፣ ግፊ ይለኛል ሰውነቴ፣ እጄን ሰድጄ እዳስሳለሁ፣ ቀድሞ የሚወጣው ጭንቅላት አይደለም፣ ተረከዝ ነው፣ ትንሽዬ ተረከዝ፣