የወንበር ጠጋኙ አምስት ሠራተኞች

መዶሻውን ሲያነሣ ሦስት ሰፈር የሚንቀጠቀጥለት ወንበር ጠጋኝ ነበር። አንዲት ባለሆቴል ግን ድረ ገጹን ሳታይ አርባ ወንበሮቿን እንደማትሰጠው ቁርጡን ነገረችው። የእህቱ ልጅ ልትሠራለት ኮምፒውተሯን ከፈተች።

«እዚህ ጋ የሠራተኞች ፎቶ ይገባል። ስንት ናችሁ?»

«አምስት!»

«ጋሼ፣ ብቻዎን አይደሉም እንዴ?»

«የአምስት ሰው ሥራ አይደል የምሠራው? አንሺ ዝም ብለሽ!»

በከረባት ሥራ አስኪያጅ፣ በኮፍያ የሽያጭ ኃላፊ፣ በመነጽር መሐንዲስ፣ በካፖርት አማካሪ ሆኖ ደረቱን ነፋ። አምስተኛውን ፎቶ ግን ሽርጡን አድርጎ የወንበር እግር ሲያጣብቅ፣ ሳያያት አነሣችው።

በማግስቱ ባለሆቴሏ ደወለች።

«አምስታችሁንም አየኋችሁ። መቼም መመሳሰል ነው!»

ላብ አጠመቀው። «የአንድ እናት ልጆች ነን፣ እመቤቴ።»

«ይታያል» አለች ሳቋን እየዋጠች። «አራቱ የሚያዩት ካሜራውን ነው። ወንበሩን የሚያየው ባለሽርጡ ብቻ ነው። አርባውንም ለእሱ ሰጥቻለሁ፤ ነገ ይምጣልኝ። አለቆቹ እንዳይከተሉት።»

ጠጋኙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሥራ የሚበዛበት ልጅ ነው፤ ግን ለእርስዎ ሲባል ሥራ አስኪያጁን አስፈቅድለታለሁ!»