የሙሽራው ኮሌታ

ልብስ ሰፊው ዓይኑ ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ ግትርነቱ ግን አለልህ፣ ምንም አልጎደለበትም! ሐሙስ ዕለት ታናሽ ወንድሙ አሥር ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጋሼ፣ ለስፌት መኪናው ገዢ አግኝቻለሁ። ነገ ይወስደዋል» አለው።

«በመቃብሬ ላይ!»

«እስቲ አስበው፤ አንተ ቁልፍ ትተክላለህ፣ ሌላውን ሁሉ የምሰፋው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ መጋዘን ሥራ ይዣለሁ። እኛ ቤት ትገባና አርፈህ ትቀመጣለህ።»

አርፈህ ትቀመጣለህ! ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ጥግ ይዞ ምሳ ሊጠብቅ?

በማግስቱ ጠዋት ምኩራብ ሄደ። ጸሎቱ «የዕውራንን ዓይን የምታበራ» የሚለው ምስጋና ላይ ሲደርስ፣ አጠገቡ የቆሙት ሽማግሌ ለእሱ አዝነው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እሱ ግን ከሁሉም በላይ ጮሆ አለው። ደስ ብሎት እንዳይመስልህ፤ እልህ ነው።

«አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉት ሽማግሌው ሲወጡ።

«ይሁን አባባ። ግን ድግሱ ዘገየ፤ ሽታው እንኳ አልደረሰኝም።»

ሱቅ ሲገባ ወንድሙ የሰፋው የሙሽራ ኮት ተተኩሶ ተሰቅሏል። ሙሽራው ዛሬ ማታ ሰንበት ሳይገባ ሊወስደው ነው። ሰፊው ሱፉን በእጁ ዳበሰና ኮሌታው ላይ ሲደርስ ቆመ። አጠፈው፤ ደግሞ አጠፈው።

«እዚህ ውስጥ ምን ከተትክ?»

«ማጠንከሪያ ነዋ። ነጋዴው ጥጥ ነው ብሎኛል።»

«ይሄ ጥጥ ከሆነ እኔ ንጉሥ ነኝ! ሲታጠፍ እንደ ወረቀት ድርቅ ይላል፤ የተልባ እግር ጨርቅ ነው።»

ወንድሙ ደነገጠ። ሱፍና የተልባ እግር አንድ ላይ የተሰፋበትን ልብስ ኦሪት ትከለክላለች፤ ከእነሱ ሱቅ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ኮሌታውን ተርትሮ አየው፤ ለዓይን ያው ነጭ ጨርቅ ነው። ለነጋዴው ደወለለት።

«ውይ በሞትኩት! የሌላ ሰው ዕቃ ነው የሰጠሁህ» አለ ነጋዴው።

ሰፊው ኮቱን ነጥቆ ሄዶ መኪናው ላይ ተቀመጠ። ሳጥኑ ውስጥ እጁን ከቶ የጥጡን ጨርቅ በመዳበስ ለየ፣ በስንዝር ለካ፣ ቆረጠ። ስፌቱን በግራ እጁ ጣት እየተከተለ ፔዳሉን ረገጠ። አንዴ መርፌው ወጋው፤ ደሙ ኮቱን እንዳይነካ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ትንሽ ቆየና ቀጠለ። ወንድሙ ጎንበስ ብሎ አየ። የስፌቱ መስመር እሱ ከሰፋው ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር።

በዚህ መሃል ገዢው ደረሰ። «መኪናው የታለ?» አለ ከበሩ።

«አይሸጥም» አለ ወንድሙ። ገዢው እያጉረመረመ ሲሄድ ወንድምየው ሆድ ባሰውና አለቀሰ። «ይቅር በለኝ ጋሼ። ዓይንህ ሲጠፋ ሁሉ ነገርህ የጠፋ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም መስሎኝ ነበር። በል ፈቀቅ በል፣ ኮቱን ታረጥበዋለህ!» አለ ሰፊው። እጁን ከጨርቁ ሳያነሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለዓይኔ ዓመት ሙሉ አልቅሻለሁ። ለእነዚህ ጣቶች ግን አንድ ቀን አመስግኜ አላውቅም።»